የመቀመጥ ተራዬ

እግሬ የጀመረኝ ሦስተኛ ልጄን ሳረግዝ ነው። ሕመም ማለቱ ራሱ ልክ አይደለም። ቁጭ ስል ከጉልበቴ በታች፣ አጥንቴ ውስጥ የሚሄድ ነገር አለ፤ ተነስቼ ብራመድ ይተወኛል፣ ብቀመጥ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ለባሌ ታላቅ እህት ነገርኋት። «ሥራ ስትይዢ ይለቅሻል» አለችና የራሷንም ሥራ ጨመረችልኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርሁም።

ወጣት ሳለሁ ሌላ ማንም አላወቀብኝም። በድግስም በለቅሶም ቆሜ የማስተናግደው እኔ ነበርሁ። «የዚች እግር አይደክምም» እያሉ ይመርቁኝ ነበር፤ አብልጣ የምትመርቀኝም ያቺው የባሌ እህት ነበረች። ኋላ አረጀሁ። እንደ ወጉ ቦታዬ ከባልቴቶቹ ጋር መደቡ ላይ ሆነ፤ ያን ጊዜ መነሳት መቀመጤ ታየ። በባሌ ለቅሶ ከፍራሹ ተነስቼ ድንኳኑን ስዞር እህቱ ለጎረቤት «አፈሩ ሳይደርቅ እግሯ ሌላ ደጅ አማረው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ሄጄ ታከምሁ። ሐኪሙ በሽታው ስም እንዳለው ሲነግረኝ አለቀስሁ፤ ከንዴት ነው እንጂ ከደስታ አይደለም። ስም ያለው ነገር ይዞኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስደብቀው፣ ኋላም ስታማበት ኖሬያለሁ።

የመጀመሪያው ክኒን ጥቂት ወራት ደግ ነበር፤ ኋላ ግን ማታ ማታ ይብስ የነበረውን ሕመም ጎትቶ ቀትር ላይ አመጣው። ሐኪሙ ለወጠልኝ። «ማታ፣ ከእራት በኋላ አንድ» አለኝ። አዲሱ ያፈዛል፣ እግር ያሳብጣል፤ ጠዋት ስነሳ ግድግዳ ካልያዝሁ ቤቱ ይዞርብኛል። እግሬ ግን ዝም አለ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም እህል የምቀምሰው በቀን አንዴ፣ ከቅዳሴ መልስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ክኒኑ ከምግብ በኋላ ተብሏል፤ ምግቤ ደግሞ ያው ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት እውጠው ጀመር። ማንንም አልጠየቅሁም፤ ጠይቄ ያገኘሁትን አውቀዋለሁ።

በወሩ ሃያ አንድ ቀን የማርያም ማኅበራችን ተሰበሰበ። ጽዋው ወደ እኔ የሚሻገርበት ተራ ነበር። ማኅበሩን የወረስሁት ከእናቴ ነው፤ ከእሷ የቀረኝም እሱ ብቻ ነው። ስንበላ ክኒኔን ዋጥሁ። ምግቡ ተነስቶ ካህኑ ስሜን ሲጠሩ ተኝቻለሁ። ቀስቅሰውኝ ጽዋውን በድንጋጤ ተቀበልሁና ጠላውን እግራቸው ላይ ደፋሁት።

«ትናንት መቀመጥ አቃታት፣ ዛሬ መንቃት» አለች የባሌ እህት። «ይኼ ዛር እንጂ በሽታ አይደለም። ጽዋው ይለፋት።»

የማኅበሩ ሙሴ፣ ሽማግሌው ሰብሳቢያችን፣ «ለጊዜው ጽዋው እዚሁ፣ ዛሬ ካስተናገደችን ቤት ይቆይ፤ እናስብበታለን» አሉ። እኔ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ሐኪም ቤቱ ተመለስሁ። አንዲት ነርስ ክኒኑን አገላብጣ አየችው።

«እማማ፣ መቼ ነው የሚውጡት?»

«ስበላ።»

«ስንት ሰዓት ይበላሉ?»

«ዘጠኝ።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እራት የተባለው እኮ እራት ለሚበላ ሰው ነው። ለዚህኛው እህል ግዴታው አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ከመተኛትዎ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው በውኃ ይውሰዱት።»

ይኸው ነበር። ሳምንታት ሙሉ ቀን እያንቀላፋሁ፣ ማታ እየተንጎራደድሁ የከረምሁት ለዚህ ነው። ሙሴው ቤት ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ጽዋውን አስመጥተው በእጄ ሰጡኝ።

ማኅበርተኛው ቤቴ በተሰበሰበ ዕለት፣ ባለተራ አትቀመጥምና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ አስተናገድሁ። እግሬ አብጧል፣ ራሴንም ትንሽ ያዞረኝ ነበር። የባሌ እህት ቀሚሴን ያዝ አድርጋ፣ «አሁንስ ተቀመጪ፣ ይበቃሻል» አለችኝ።

«እርስዎ ይጠጡ፣ እትዬ» አልኋት። «ዛሬም ያቆመኝ ዛር ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ዋንጫዋን አየች። ሞላሁላት።

በሚቀጥለው ወር ጽዋው ወደ ሌላ ቤት ተሻገረ። እዚያ መደቡ ላይ፣ ከባሌ እህት ጎን ተቀመጥሁ። እግሬ ሁለት ጊዜ አስነሳኝ። ሁለቴም ግቢውን ዞሬ ቦታዬ ላይ ተመለስሁ፤ ይቅርታ አልጠየቅሁም።