ጦስኝ ያለበት አልጫ

ይኸውልህ፣ ጦስኝ ያለበት ሻይ አልጠጣም። ሰው ቤት ሄጄ ሲቀርብልኝ «ጨጓራዬን» ብዬ አልፈዋለሁ። ጨጓራዬ ምንም አልሆነም፤ ሽታው ነው የማይሆነኝ። አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ጀርባ ያለችው የቀበሌ ቤታችን ትመጣብኛለች። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ በሩ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ተስቧል። እኔ ቡታጋዙ ላይ አጎንብሻለሁ፣ እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰድበኛለች።

እናቴ ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠባት በኋላ ነው የወለደችኝ፣ አንድ ለእናቱ ነኝ። አባቴ ዳዴ ሳልል ሞተ። ታዲያ ይቺ ጎጃሜ በሕይወቷ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈራው፤ «ሴት ያሳደገው» እንዳልባል። ትንሽ ሳለሁ ድስት ከፍቼ ካየችኝ በማማሰያው ጣቴን ትለኝ ነበር። «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል?» ትላለች። እኔ ደግሞ ርቦኝ ነው እንጂ ጓዳ ናፍቆኝ አልነበረም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ኩላሊቷ ታመመ። እግሯ አብጦ መቆም አቃታት። ቤቱ ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው የለም። አንድ ጠዋት «በሩን ዝጋ» አለችኝ። ዘጋሁ። «መጋረጃውንም ሳብ።» ሳብኩ። «በል፣ ሽንኩርት ክተፍ።»

ወጥ የተማርኩት እንዲህ ነው፣ በዝግ በር፣ በስድብ። ሽንኩርቱ ሲያርር እሷ ከአልጋዋ በሽታው ታውቃለች። «አቃጠልከው፣ እጅህ ይቆረጥ» ትላለች። ሐኪሙ ጨው ከልክሏት ስለነበር ያለ ጨው የሚበላ ነገር መፈለግ ነበረብኝ። የክክ አልጫው ላይ ጦስኝ መጨመር የራሴ ፈጠራ ነው፣ ማንም አላሳየኝም። የመጀመሪያ ቀን ቀምሳ ዝም አለች። ከእናቴ ዝምታ ትልቅ ነገር ስለነበር ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከዚያ ባሰባትና ሆስፒታል ተኛች፣ ከተማው ማዶ። ታናሽ እህቷ ከሞጣ መጥታ አስታማሚ ሆነች። እኔ ቤት ቀረሁ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አበስላለሁ፣ ምሳ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልዬ ማዞሪያው ላይ ለጎረቤታችን ለሚኒባሱ ሹፌር እሰጣለሁ። በሆስፒታሉ በር በኩል ስለሚያልፍ ለአክስቴ ያቀብልልኛል። ማታ ባዶውን ምሳ ዕቃና በፌስታል የታሰረ የእናቴን የቆሸሸ ልብስ ይዞልኝ ይመጣል። አጥባለሁ። እሱንም ውጪ ማስጣት ክልክል ነው፣ የእናቴ ትእዛዝ መጥቷል። ገመዱን ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ወጠርኩ። ጥናቴን የማጠናው ከእናቴ ቀሚስ ሥር ነበር፣ በረኪናው አፍንጫዬን እየቆረጠኝ፣ ውሃው ደብተሬ ላይ እየተንጠባጠበ።

በየቀኑ ለአክስቴ እደውላለሁ። «ምን አለች?» እላታለሁ።

«ክኩ አልበሰለም ብላለች።»

በነጋታው ደግሞ «ውሃ በዝቷል ብላለች።»

«አቅርቢልኝ እስቲ ላናግራት።»

«ተኝታለች።»

አንዴ ግን ከጀርባ ድምፅዋን ሰማሁት፣ «ዝጊው!» ስትል። ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ነበር የሚመለሰው፣ እኔ ግን እየደፉት ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ምላስ ያላት ሴት ያንን ወጥ ትበላለች ብሎ ማን ያምናል? ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን እንዳልመጣ መከልከሏ ነው። «እዚህ ድርሽ እንዳይል» ብላለች። ምን እንዳጠፋሁ ብጠይቅ የሚነግረኝ የለም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ አንዴ አይታኝ «ይሁን፣ ይበላል» እንድትለኝ ብቻ።

አንድ ቀን የሹፌሩ መኪና ተበላሽቶ አየር ጤና ጋራዥ ገባ። ጥሩ ሰበብ አገኘሁ ብዬ ምሳ ዕቃውን ደረቴ ላይ አቅፌ በታክሲ ሄድኩ። ዝናብ ነበር፣ ልብሴ በሰበሰ፣ ምሳ ዕቃው ግን ትኩስ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ደወልኩ። አክስቴ ወረደች፣ ከእጄ ተቀበለችኝና በሩ ላይ ቆመች።

«አትግባ» አለችኝ።

«ለምን?»

«አላየውም ብላለች።»

«ምን አደረግኳት?»

«ልጄ፣ በእግዚአብሔር፣ እኔን አታድርቀኝ። ተመለስ።»

ግድግዳው ሥር ቆሜ መስኮቶቹን አየሁ። የትኛው የሷ እንደሆነ አላውቅም። አንዱ ላይ ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማ ነበር፤ እጄን አነሳሁላት፣ እሷ ግን ማንነቴ ግራ ገብቷት ወደ ውስጥ ገባች። ያን ቀን እናቴን ጠላኋት። ሰው እናቱን አይጠላም ይላሉ፤ ይጠላል። በነጋታው ግን ተነስቼ ክክ ጣድኩ።

ያየኋት ሬሳዋ ሲመጣ ነው።

ለቅሶው አለቀ፣ አርባዋም ወጣ፣ ድንኳኑ ከተነሳ ቆየ። አክስቴ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትሰናዳ፣ ከሰዓት ላይ አንዲት አሮጊት ዱላ ተደግፈው እያነከሱ መጡ። ሆስፒታል ከእናቴ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ተኝተው የነበሩ ሴት ናቸው፤ ሲሻላቸው ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ነው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። አክስቴ ጠራችኝና ወጥቼ ጉልበት ሳምኩ።

«ወንዱ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ዓይንህን ለማየት በቃሁ።» አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። «እናትህ እዚያ ስትማቅቅ አንድ ቀን ብቅ አትልም? ‹ፈተና ይዞት ነው› እያለች ትሸፍንልህ ነበር። እኛ ግን ልጆች አይደለንም፣ ይገባናል። ልጅቷ ባትኖር በረሃብ ነበር የምትሞተው።»

«የቷ ልጅ?» ልል አፌን ከፈትኩ። አክስቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አፌን ዘጋሁ።

ምሳ አቀረብኩላቸው፣ ለእንግዳ ማቅረብ ሥርዓት ነው። አንድ ጉርሻ ጎረሱና ማኘክ አቆሙ።

«ይቺው ናት» አሉ። «ይቺው ጦስኝ ያላት። ምሳ ዕቃው ሲከፈት መላው ክፍል ነበር የሚሸተው። እናትህ ለኛ ሳታቀምስ አትበላም ነበር። ‹የልጄ እጅ ነው፣ ጨው ሳይኖረው ጣት የሚያስቆረጥም ወጥ የምትሠራ ሴት ልጅ አለችኝ› ትለን ነበር። ክፉ ነገር ከአፏ የማይጠፋ ሴት፣ ስለዚያች ልጅ ስታወራ ታለቅስ ነበር።»

እጆቼ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ። ትሪው ሥር ደበቅኳቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ እናቴ በሕይወት ብትኖር እጮህባት ነበር። ያቺ ልጅ ብሆን ኖሮ አጠገቧ ተቀምጬ አጎርሳት ነበራ።

«ጥራልኝ፣ እጇን ስሜ ልሂድ» አሉ።

አክስቴ መሬት መሬት ታያለች።

«ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች» አልኳቸው።

ሊጠብቋት ተቀመጡ። የሞሉት ጀሪካኖች ከጀርባቸው ተደርድረዋል። ፀሐይዋ ከበሩ ወደ ግድግዳው እስክትዞር ጠበቋት፣ እየደጋገሙ ወደ በሩ እያዩ። ሲመሽባቸው ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። እስከ ፌርማታው ሸኘኋቸው። ታክሲው ላይ ሳወጣቸው ክንዴን ያዙኝ።

«እህትህን አግዛት። ሁሉን እሷ ላይ አትጣል።»

«እሺ፣ እማማ» አልኳቸው።

ስመለስ አክስቴ «እናትህ እንዳልናገር አስምላኝ ነው» አለችኝ። ሳህኑን አነሳሁ፤ አሮጊቷ ጠራርገው በልተውታል። በሩን ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ አጠብኩት።