ክላክስ ያለበት ዘፈን

ዶርም ውስጥ ጓደኛዬ የአጎቴን ዘፈን በስልኳ ስትከፍት ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

አጎቴ ጀማል ጭሮ ውስጥ በጓደኛው በኢብሳ ሙዚቃ ቤት ጊታሩን እየመታ ሲቀዳ ጥግ ላይ ተቀምጬ አየው ነበር። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል አንድ የጫት መኪና ክላክሱን እያስጮኸ በበሩ አለፈ።

"ያ አላህ! የለፋሁበት ዘፈን ተበላሸ! እንደገና እንቅዳው" አለ አጎቴ።

"ወላሂ እንዳትነካው ጀሚ! አሁን ገና የጭሮ ዘፈን ሆነ" አለው ኢብሳ እየሳቀ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ዘፈኑ ሲወጣ ግን ከገለምሶ እስከ ሚኤሶ ያሉ ሾፌሮች እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ አብረው ክላክስ ያደርጉ ጀመር፤ ዝነኛ ያደረገውም ይኸው ነበር።

"በአዲስ መልክ የተሠራው ነው፤ ጥራቱን ስሚው" አለችኝ ጓደኛዬ።

እውነትም ጥርት ብሏል። መጨረሻው ሲቃረብ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። መኪናው ሳያልፍ ዘፈኑ አለቀ።