የሀጂ ሙሜ ለቅሶና የኡምኩልሱም ፍሊፐር

የዚያን ቀን ጭሮ ላይ ፀሐይ የወጣችው ለይስሙላ ነበር። ጠዋት ትንሽ ሞቅ አደረገችና ከተራራው የወረደ ደመና ዋጣት። ከዚያ በኋላ ነፋስ የለ፣ ጠብታ የለ፤ አየሩ ከብዶ ትንፋሽ ያሳጥር ነበር። ከቦርደዴ በኩል የመጡ የጭነት ሾፌሮች "ታች ዘንቧል፣ እዚህም አይቀርም" እያሉ ሸራቸውን ያጠብቁ ነበር። ኡምኩልሱም ግን የዝናቡን ነገር ልብ አላለችውም። ጎረቤቷ ሀጂ ሙሜ ንጋት ገደማ አርፈው ሰፈሩ በሙሉ ግር ብሎ ወጥቶ ነበር።

ኡምኩልሱም ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ላይ የጨዋታ ቤት ነበራት። ቤቱ የኪራይ ነው፤ የእሷ የሆነው ውስጡ የቆመው ፍሊፐር ብቻ ነው። ፍሊፐር እግር ያለው ረጅም ሳጥን ነው። ላዩ መስታወት ሲሆን ከስሩ የብረት ኳስ የምትንከባለልበት ተዳፋት ሜዳ አለ። ተጫዋቹ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ ኳሷን በሁለት መምቻዎች ወደ ላይ ይመልሳታል። ኳሷ የሆነ ነገር በነካች ቁጥር ደወል ይጮሃል፣ አምፖል ይበራል፣ ነጥብ ይቆጠራል። በመምቻዎቹ መሀል ካመለጠች አለቀ።

ባሏ በድሪ ድሬዳዋ ከተዘጋ ክበብ ሦስት ፍሊፐር ገዝቶ በጭነት መኪና ሲያመጣ እሷ ገና ሙሽራ ነበረች። ትምህርቷን ያቋረጠችውም በእሱ ሰበብ ነው። "ደብተር ምን ያደርግልሻል፣ እኔ አኖርሻለሁ" አላት። ጥቂት ዓመት አኖራት። ከዚያ ጉበቱን ታመመና ሦስቱን ሳጥኖች ትቶላት ሄደ።

ለዚህ ዕቃ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የለም። አንደኛው ፍሊፐር ሲሞት ሥጋው ለሁለቱ ሆነ፤ ሁለተኛው ሲሞት ለአንዱ። የመምቻዎቹ ጎማ ሲበጠስ ከመኪና ጎማ ካላማዳሪያ በምላጭ ትቆርጣለች። ዱሮ የነበረችው ኳስ ስትጠፋ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች ኳስ ተተካች፤ እሷም ከበድ ስለምትል ሜዳውን ትልጠዋለች። የመብራቱ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ ኃይሉ ይወርዳል፤ ያኔ መምቻዎቹ የጫት ሰዓቱ እንዳለፈበት ሰው ይዝላሉ። ደንበኛው "አዴ፣ ይሄ ነገር ተኝቷል!" ብሎ ሳጥኑን በጉልበቱ ይመታዋል።

እንዲህ ሲሆን የምትጠራው ተሻለን ነው። ተሻለ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የውሃ ፓምፕ ኤሌክትሪሺያን ነው። ከሥራ ሲወጣ ጎራ ይልና መስታወቱን አንስቶ ያጎነብሳል።

"ኢንጂነር፣ ዛሬስ ምን አላት?"

"ዕድሜ ነው ያላት እትዬ። ይቺን የምነካካት ስለምታሳዝነኝ ነው እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም።"

"እኔስ አላሳዝንህም?"

"እርስዎማ ይናገራሉ፤ እሷ ዝም ብላ ነው የምትሰቃየው።"

ወጣቱ ፊቱን ወደ ስልኩ ካዞረ ቆይቷል። የቀሩላት የገለምሶ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች፣ ከሌላ አገር ተመድበው ማታ የሚያደርጉት ያጡ መምህራን፣ ልጅ ሆነው እዚያው ቤት ያደጉ አንዳንድ ጫት ነጋዴዎች ነበሩ። ከእነሱ የምትገኘው ሳንቲም ለኪራይና ለእራት ትሆናለች። ከዚያ አታልፍም።

ሀጂ ሙሜ ከአጠገቧ የጫት መጋዘን ነበራቸው። ሐጅ ሄደው ከተመለሱ ወዲህ ፍሊፐሩን በክፉ ዓይን ማየት ጀመሩ። ለሶላት ሲወጡ በሯ ላይ ቆም ይላሉ።

"ይሄ ጂን የሚጮህበት ሳጥን አሁንም አለ?"

"አለ ሀጂ። ጂኑ ኪራዬን ይከፍልልኛል። እርስዎ ይከፍሉልኛል?"

"ቁማር ነው፣ አውጥተሽ ጣዪው!"

"ቁማርማ ቢሆን እኔስ አንድ ቀን አልበላም ነበር?"

እሳቸውም ሳቃቸውን በፂማቸው ውስጥ ደብቀው ይሄዳሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። በድሪ የሞተ ጊዜ አፎሻው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ለለቀስተኛ የሚሆን ሰፊ ቤት ሲፈልግ መጋዘናቸውን የለቀቁት እሳቸው ናቸው። እስር ጫታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ውሎ ጠወለገ፤ አንድም ቀን አላነሱባትም። የአፎሻው ደንብም ይኸው ነው። ለቅሶ ሲደርስ የአባል ቤት የሁሉም ቤት ይሆናል። የማን ዕቃ የት ደረሰ ተብሎ አይጠየቅም።

እናም የዚያን ቀን የአፎሻው አለቃ ታጁዲን ጎረምሶቹን አስከትሎ ሲመጣ ገና ሳይናገር ገባት።

"አዴ፣ ቤትሽ ለሴቶቹ ይፈለጋል። የሀጂ ግቢ ጠበበን።"

"ግቡ። ፍሊፐሯስ?"

"ደጅ እናወጣታለን፣ ሸራ እናለብሳታለን። ምን ትሆናለች፣ ትሞታለች?"

"ጓዳ ብትገባስ?"

ጓዳው በሁለቱ የሞቱ ሳጥኖች ሬሳ ሞልቷል፤ በሩም ጠባብ ነው። እግሮቿን የሚፈታው ተሻለ ደግሞ ለሥራ ገለምሶ ወርዷል። ጎረምሶቹ ሳጥኑን እንደ ቃሬዛ ለአራት ተሸክመው ሲወጡ ኢርሻድ የሚባለው ቀልደኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሀጂ ይህን ቢያዩ ‘አልሐምዱሊላህ፣ በስተመጨረሻ አወጣችሁት!’ ይሉ ነበር" አለ። በለቅሶው መሀል ሁሉም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ከግድግዳው ሥር አቁመው ሸራ አለበሷት፤ ጠርዙን በድንጋይ አስያዙት። ከዚያ ወንዱ ሁሉ ጀናዛውን ይዞ ወደ መቃብር ሄደ።

ቤቱ ሴት ብቻ ሆነ። የሀጂ ሚስት ሀዲያ ምንጣፉ ላይ ከኡምኩልሱም አጠገብ ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆይታም ጭንቅላቷን በኡምኩልሱም ጭን ላይ ጣለች። ደጅ ደግሞ ሴቶቹ የለቀስተኛውን ሩዝ በትልልቅ ድስት ጥደዋል።

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን ሲመቱ ኡምኩልሱም ሰማች። ‘ሸራ አለ’ አለች በልቧ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ ደጅ ጫጫታ ሆነ። "እሳቱ! እሳቱ ሊጠፋ ነው! ሩዙ!" በተከፈተው በር ስታይ ሴቶቹ የፍሊፐሯን ሸራ በአራት ማዕዘን ይዘው እየሮጡ ነው፤ ወስደው ከምድጃው በላይ ወጠሩት። ማንም በክፋት አላደረገውም። ከመቃብር የሚመለስ ሰው ይበላል፣ ሩዝ ደግሞ ውሃ ከገባበት አለቀለት። ሳጥኑ መስታወቱ ወደ ሰማይ እንደሆነ ራቁቱን ቀረ። አንደኛው የመስታወቱ ጥግ ተሸርፎ በፕላስተር የተያዘ ነበር፤ ውሃው በየት እንደሚገባ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ተነሺ አለች ለራሷ። ገና ከወገቧ ሳትቀና ሀዲያ እጇን ጨበጠቻት።

"አትሂጂብኝ። አንቺ ባል ቀብረሻል፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። እነዚህ ምንም አያውቁም።"

"አልሄድም" አለች ኡምኩልሱም።

ብትጣራስ? በለቅሶ ቤት ‘መጫወቻዬን ሸፍኑልኝ’ ብሎ መጮህ እንዴት ይሆናል? ጭሮ ትንሽ ከተማ ናት፤ ያቺ አንዲት ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስሟ ሆና ትቀር ነበር። የሀዲያን ፀጉር እየደባበሰች ዝናቡን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። እንባዋ ሲወርድ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሀጂን በጣም ትወዳቸው ኖሯል ብለው አብረዋት አለቀሱ።

ተሻለ ከገለምሶ ሲመለስ መስታወቱን አንስቶ ሜዳውን በጣቱ ነካው። ጣውላው እንደ ራሰ ዳቦ አብጧል፤ ቀለሙ ተገሽልጦ ከጣቱ ጋር ተነሣ። "ሽቦ ቢሆን እጠግነው ነበር እትዬ። የሄደው እንጨቱ ነው" አላት። ቢሆንም ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ አደረቁት፣ የዛጉትን ነጥብ መቁጠሪያዎች በናፍጣ አጠቡ። ለመጨረሻ ጊዜ ሶኬት ላይ ሲሰካው አንድ አምፖል በራ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ተሻለ ነቀለውና ዕቃውን ሰበሰበ። ሻይ አፍልታለት ነበር፤ ሳይጠጣ ሄደ።

ለአፎሻው ስብሰባ ጉዳይዋን ይዛ ቀረበች። ታጁዲን በትዕግሥት አዳመጣት።

"አዴ፣ በለቅሶ የተሰበረ ድስት እንተካለን፤ ስኒም እንተካለን። ይሄ ግን ድስት አይደለም።"

"ከድስት በምን ይለያል? የምበላው ከእሱ ነው።"

"መጫወቻ ነዋ!" አለ አንዱ ከኋላ፤ ቤቱ ሳቀ። ኢርሻድም ሳቀ፤ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ሀዲያ ሐዘን ላይ ስለነበረች ስብሰባው ላይ አልተገኘችም። በኋላ ነገሩን ሰምታ አንድ ትሪ ሩዝ ላከችላት። ኡምኩልሱም ሩዙን ለጎረቤት ልጆች ሰጠችና ትሪውን አጥባ መለሰች።

ለተከታዩ ወር ኪራይ የሚሆን ነገር አልነበረም። አከራዩ ክፉ ቃል አልተናገራትም። ቤቱን ለጫት መጋዘን የሚፈልግ ሰው መምጣቱን ብቻ ነገራት። ሦስቱንም ሳጥኖች ብረት ለቃሚዎች እዚያው ደጅ ላይ በመዶሻ ሰባብረው ብረቱን ወሰዱ፤ እንጨቱን የሰፈር ሴቶች ለማገዶ ተካፈሉት።

ኡምኩልሱም አሁን መሰላ ከተማ ናት፤ ከእህቷ ከጣሂራ ጋር ትኖራለች። በገበያ ቀን ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት መሬት ላይ ዘርግታ ትሸጣለች።