የስለቱ በርና የጎረቤቴ ብየዳ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥቅምትና በኅዳር፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። ከጎረቤቴ ጋር ዛሬም አንነጋገርም፤ ስለዚህ የዕርቅ ታሪክ የምትጠብቁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርባችሁ። ነገሩ ከልቤ ያልወጣው ግን ያ የማልወደው ሰው አንድ ቀን ባደረገው ነገር ነው። ባልወደውም የሆነውን መደበቅ አልችልም።

እኔ ዓረብ አገር በሰው ቤት ስሠራ የቆየሁ ሴት ነኝ። ከመሄዴ በፊት ቴክኒክና ሙያ ገብቼ የእንጨት ሥራ ተምሬ ነበር። እዚያ ሳለሁ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር በስልኬ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዎች በእጅ የሚገፋ የእንጨት መቅረጫ ላይ ሞተር ገጥመው፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ በራሱ የሚቀርጽ ማሽን ሲሠሩ። ሲኤንሲ ይሉታል። ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ወርቅና ቀሚስ አልነበረም፤ ሞተሮችና እነሱን የሚያዝ ሰሌዳ ነበር። ሻንጣው ሲከፈት አክስቶቼ ያዩኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። አንዷማ ሞተሩን አንስታ እያገላበጠች፣ ይኸ ደግሞ የት ይለበሳል ብላ ጠየቀችኝ።

ከተማ ወጥቼ ከእማማ ጥሩዬ ግቢ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ተከራየሁ። ከተዘጋ ወርክሾፕ አሮጌ መቅረጫ አግኝቼ ሞተሮቹን ገጠምኩለት። የክፍሉ ወለል አፈር ነው፤ ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረኝ። በመጨረሻ ጎንና ጎኑን ከክፍሉ ብረት ጋር፣ አንዱን ከምሰሶው፣ ሌላውን ቆርቆሮው ከተመታበት አግዳሚ ብረት ጋር በብሎን አሰርኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ።

ብረቱ ግን የኔ ብቻ አልነበረም። ከቆርቆሮው ወዲያ ይርጋ የሚባል በያጅ አለ። በርና መስኮት ይሠራል፣ የጋሪ ብረት ይጠግናል። እኔ የያዝኩትን ክፍል ለራሱ ሲመኘው ኖሮ ገና ዕቃዬን ሳላስገባ ጠመደኝ። ከዚያ የኔ ሰጋቱራ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየሾለከ ገና ቀለሙ ባልደረቀ በሩ ላይ መለጠፍ ጀመረ። የቀባሁትን በር የበግ ቆዳ አስመሰለችው ብሎ ግቢውን ቀወጠው። እውነቱን ለመናገር በሩ የበግ ቆዳ መስሏል። እኔ ግን ስሰደብ ዝም የምል ሴት አይደለሁም፤ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ መለስኩለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተኮራረፍን።

በአንድ በር እንገባለን፣ እንወጣለን፤ ሰላም አንባባልም። የግድ መባል ያለበት ነገር ሲኖር በእማማ ጥሩዬ በኩል ነው የሚያልፈው። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከዚህ እሱ ከዚያ ቆመን «ንገሩት»፣ «ንገሯት» እንላለን። ሁለታችንም እየሰማን ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ስደት ላይ ሳለሁ አሠሪዬ ስልኬን ቀምታኝ ለብዙ ጊዜ ድምፄ ጠፍቶ ነበር። አገር ቤት ሞታለች ተብሎ መወራት ጀመረ። ያኔ አባቴ፣ ልጄን በሕይወት ካመጣህልኝ ከጓሮዬ ዋንዛ በር አሠራልሃለሁ ብለው ለአጥቢያችን ለሚካኤል ተሳሉ። ቤታችን ከጋፋት ወረድ ብሎ ነው። እኔም መጣሁ። ዋንዛው ተቆረጠ፣ ተሰነጠቀ፣ በጥላ ደረቀ። አባቴ እግራቸውን ያማቸዋል፤ ስለቱን ሳላገባ እንዳልሞት እያሉ እንቅልፍ ካጡ ቆይተዋል። በሩን ለኅዳር ሚካኤል አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። መስቀሉ የሚቀረጽበት የመሃሉ ሰፊ ጣውላ ግን ከዚያ ሁሉ ግንድ ሦስት ብቻ ነበር የወጣው።

የመጀመሪያው ጣውላ ላይ መስቀሉ ከግማሽ ሲያልፍ ሞተሩ ተንገራገጨ። ወደ ጎን ዘለለና ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ቀጠለ። የመስቀሉ ግራ ክንድ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ተቀረጸ። ጣውላው ለምንም የማይሆን ሆነ።

ሞተሩን ጠረጠርኩ። የአንዱን ጎን ሞተር ወደ ሌላው ጎን ቀየርኩት። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ እንደገና አሰርኩ፤ የላላ የመሰለኝን ሁሉ በሽቦ መበየጃ እርሳስ አጠበቅኩ። ከዚያ ተራ ባሕር ዛፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ሞከርኩት። አንዴም አልዘለለም። ተገላገልኩ አልኩና በማግስቱ ሁለተኛውን ዋንዛ ሰጠሁት። እዚያው ክንድ ላይ ሲደርስ ዘለለ። የሞከርኩበት ቀን ይርጋ በር ሊገጥም አንበሳሜ ሄዶ እንደነበር ያኔ ልብ አላልኩም።

አባቴ ለገበያ መጥተው ሁለቱን ጣውላ ግድግዳ ላይ ተደግፈው አዩዋቸው። በእጃቸው ዳሰሷቸው። እኛ ቀዬ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ኖሯል፤ ዓረብ አገር የከረመች ልጅ የነካችውን ሚካኤል አልቀበልም አለ ይባላል። ይህን ያሉትን ሰዎች እስከ ዛሬ በስማቸው አውቃቸዋለሁ። አባቴ ግን የወሬውን ነገር አላነሱም።

«የቀረው አንድ ነው» አሉኝ። «እሱን ካበላሸሽው እኔ ባለዕዳ ሆኜ መሞቴ ነው።»

በእጅ ላስቀርጸው ማለት እችል ነበር። ግን ያን ብል ወሬኞቹ አሸነፉ ማለት ነው። ደሜ ፈላ፤ እንኳን ለነሱ ለማንም አልሸነፍም አልኩ።

ቀስ ብዬ ሳስበው ሁለቱም ጊዜ ከወዲያ ብየዳ ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ መስመሬን ከይርጋ አስለየሁ። አልተሻለም። ይርጋ ሲበይድ ኃይል እየቀነሰብኝ ይሆን ብዬ በመለኪያ አየሁ፤ ምንም አልቀነሰም። ይርጋ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ዕቃዋ ከቆሻሻ የተለቀመ መሆኑን ንገሯት ብሎ ላከብኝ፤ እኔም የሱን በሮች የሚገዛው ሌባ ብቻ እንደሆነ ንገሩት አልኩ። እማማ ጥሩዬ ሁለቱንም አልተናገሩም፤ ምስራቸውን ለቀሙ።

አንድ ቀን በንዴት ማሽኑን ልፈታው ተነሣሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ። ከምሰሶው ጋር ያሰርኩትን ብሎን በመፍቻ ሳላላው በብሎኑና በምሰሶው መሃል እሳት ብልጭ አለ። መፍቻውን ወረወርኩት። ሶኬቱን አየሁ፤ መሬት ላይ ተጋድሟል። መብራት የሌለው ማሽን እሳቱን ከየት አመጣው? ከወዲያ ብየዳው ይንጫጫል። እሱ ሲያቆም የኔም ብልጭታ ይቆማል፤ ሲጀምር ይጀምራል።

በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። የብየዳ ማሽን ሁለት ገመድ አለው። አንዱ የሚበይድበትን ዘንግ ይይዛል። ሌላው፣ አርዝ የሚሉት፣ በመቆንጠጫ የሚበየደውን ብረት መንከስ አለበት። የይርጋ መቆንጠጫ የነከሰው ምሰሷችንን ነው። የሚሠራበት የብረት ጠረጴዛ ደግሞ አግዳሚውን ብረት ተደግፏል። ሰውዬው በበየደ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ወደ መቆንጠጫው የሚመለሰው በኔ ማሽን ገላ እያለፈ ነው። ሞተሮቼን የሚያስደነግጣቸው እሱ ነው። ሁለት የአባቴን ጣውላ የበላው እሱ ነው!

በማሽኑና በብረቱ መሃል የጎማ ቁራጭ አስገብቼ ሞከርኩ፤ ማሽኑ እንደ ድሮው ተንቀጠቀጠ። መፍትሔው አንድ ነበር፤ መቆንጠጫውን ከምሰሶው ነቅሎ የሚበየደው ብረት ላይ ማድረግ። እጁን መዘርጋት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እማማ ጥሩዬ ፊት ቆሜ ይህንኑ አስነገርኩ።

«ንገሯት» አለ ይርጋ። «አርዝ የት እንደሚነክስ እሷ አታስተምረኝም። ካልተመቻት ማሽኗን ተሸክማ ትውጣ።»

ያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

በዓሉ ደረሰ። ሌላ ቀን አልነበረኝም። አንድ ጠዋት ክፍሌን ስከፍት ከወዲያ ድምፅ የለም። ይርጋ አሞት ይሆናል አልኩ፤ ማርልኝ ብዬ ግን አልጸለይኩለትም። ሦስተኛውን ጣውላ አስሬ ማሽኑን አስነሣሁ። እጄን ማቆሚያው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አሁን ይጀምራል፣ አሁን ይጀምራል እያልኩ ምሳም አልበላሁ። ግራው ክንድ ላይ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሞተሩ አልፎት ሄዷል። ከሰዓት ላይ መስቀሉ አለቀ፤ የፀጉር ያህል እንኳ አልዛነፈም። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ይርጋ በራፉ ላይ፣ የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ የተሰበረ የጋሪ ብረት ተከምሯል። ከገሳይ የመጣ ባለጋሪ ከጠዋት ጀምሮ አስቀመጥከኝ እያለ ይጮህበታል። ይርጋ ደግሞ መብራት የለም ብሎ ይዋሻል፣ የኔ ማሽን ከጀርባው ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ውሎ!

ሲያየኝ ተነሣ። ፊቱን ወደ እማማ ጥሩዬ አዞረ።

«ጨርሳ ከሆነ ልሥራ በሏት። ለሷ ብዬ አይደለም። በሰው ስለት መሃል አልቆምም።»

ስለት መሆኑን እኔ አልነገርኩትም። እማማ ጥሩዬን አየኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ ምስሩ መለሱ። እግዜር ይስጥህ ማለት ነበረብኝ።

«ጨርሻለሁ በሉት» አልኩ።

እማማ ጥሩዬ ሰፌዳቸውን አንስተው ቆሙ። «እኔ የናንተ ሽቦ ነኝ? አፍ የላችሁም?» ብለውን ገቡ።

ለኅዳር ሚካኤል በሩ ተሰቀለ። አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው አጠገቡ ቆሙ። ሕዝቡ እየመጣ በሩን ይሳለማል፤ እሳቸው የተሳለመውን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ። ከሰዉ መሃል ይርጋን አየሁት። ጎንበስ ብሎ ተሳለመ፤ ቀና ሲል የመስቀሉን ግራ ክንድ በጣቱ ዳሰስ አደረገ። ልክ መሆኑን ሊያይ ነው። አባቴ ማን እንደሆነ ሳያውቁ እጁን ይዘው «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉት። እሱም አሜን አለ። በኔ አጠገብ ሲያልፍ ግን ሰላም አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም።

አሁንም እንደዚያው ነን። መቆንጠጫውን ከምሰሶው አልነቀለም፤ ግትር ነው። ማሽኔን ላስነሣ ስል ቆርቆሮውን በመዶሻ አንዴ እመታለሁ፤ ብየዳው ይቆማል። ስጨርስ ደግሜ እመታለሁ። ይህን ማን እንዳስጀመረው አላስታውስም፤ በእማማ ጥሩዬ በኩል ግን አልተነጋገርንበትም።

በቀደም ረስቼ ሳልመታ ጥሩ ጣውላ ላይ ሞተሩን አስነሣሁ። ገና መቅረጽ ሳይጀምር ከወዲያ በኩል ቆርቆሮው ጓ አለ። አንቺ ዝንጉ ማለቱ ነው። በጣም ተናደድኩ። መዶሻዬን አንስቼ መለስኩለት፤ እስክጨርስ ድረስ ከወዲያ ብየዳ አልተሰማም።