የእማማ ጌታነሽ ተራ

ጠበቃ ዓምደ ሚካኤልን ዘመሮ ከተማ ላይ የማያውቀው የለም። ቢሮው ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ነው፤ የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ከጎኑ። በመካከላችን ያለው ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ደንበኞቹ ሲጮኹ አብሬ እሰማለሁ። የሁሉም ጉዳይ አስቸኳይ ነው። በሬው የተያዘበት "ዛሬውኑ!" ይላል፤ ወንድሙ የታሰረበት የጫማውን ጭቃ ሳያራግፍ ይገባል፤ ስልኩማ በቅዳሴ ሰዓትም አያርፍም። ዓምደ ሚካኤል እምቢ ማለት አያውቅም። ምሳውን ቆሞ እየጎረሰ ለአንዱ የዋስትና፣ ለሌላው የእግድ ማመልከቻ ሲጽፍ ይውላል። ደግ ሰው ነው። ግን ደግነቱ ቀድሞ ለጮኸ ነበር፤ ይህ ያናድደኝ ነበር።

ከሁሉም የባሰው ፋንታሁን የሚባል እህል ነጋዴ ነው። ከሱቅ ጎረቤቱ ጋር በአንድ በር ምክንያት ተካሶ፣ ነጋ ጠባ እየመጣ "ጠበቃዬ፣ ለነገ ካልን አለቀልኝ!" ይላል።

እማማ ጌታነሽ የመጡት በዚህ ግርግር መሐል ነው። የዓምደ ሚካኤል የክርስትና እናት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከከተማው ወጣ ባለች መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ያላቸው አንዲት የገብስ ማሳና የተቀመጡባት ቤት ናት። የባላቸው ወንድም ልጅ "የእኔ ነው" ብሎ ከሰሳቸው፤ የወረዳው ፍርድ ቤትም ፈረደለት። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ይግባኝ ካልተባለ ማሳውም ቤቱም ሄደ ማለት ነው። የፍርዱን ግልባጭ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡ።

"እማማ፣ ይቸኩላል እንዴ?" አላቸው፣ ስልኩን በትከሻው ጆሮው ላይ አጣብቆ።

"ኧረ ምን ያስቸኩላል ልጄ! ሰው ቆሞ እየጠበቀህ፤ ይልቅ እሱን ሸኝ። እኔማ የቤት ሰው ነኝ።"

በእኛ አገር ድግስ ላይ ዘመድ የሚበላው እንግዳው ሁሉ ጠግቦ ከተነሳ በኋላ ነው። ቀድሞ ለማዕድ የተቀመጠን ዘመድ መንደሩ ያማዋል። እማማ ይህንን ሥርዓት ይዘው ጠበቃ ቤት ድረስ መጡ። እሱም ያደገው በዚያው ነውና አመናቸው። "ለእርስዎማ ተረጋግቼ፣ አሳምሬ ነው የምጽፈው" ብሎ ግልባጩን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ከልቡ ነበር።

ከዚያ በኋላም እየመጡ እኔ ደጃፍ ይቀመጣሉ። "ገብተው ይንገሩት እንጂ!" ብዬ ተቆጣሁ።

"ተይው፣ ሰው ይዟል።"

እኔው ገብቼ ነገርኩት። "የፋንታሁንን ልጨርስና" አለኝ።

ፋንታሁን በፍልሰታ ማግስት ከባላጋራው ጋር በሽማግሌ ታረቀ። ለጠበቃው እንኳ አልነገረውም፤ ዓምደ ሚካኤል ወሬውን የሰማው መንገድ ላይ ነው። ያን ዕለት መሳቢያውን ከፈተ። የይግባኙ ጊዜ አልፏል።

ደብረ ብርሃን፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሮጠ፤ ከጊዜው ያለፈውን ይግባኝ እንዲፈቅዱለት ለመነ። ዳኛዋ ምክንያቱን ጠየቁት። እማማ ታመው ነበር ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። "ጥፋቱ የእኔ የጠበቃው ነው" አለ። ሕጉ የጠበቃን ጥፋት በቂ ምክንያት ብሎ አይቀበልም። እሱም ይህንን አሳምሮ ያውቃል።

የዚያ ዓመት ገብስ በሌላ ሰው ማጭድ ታጨደ። እማማ ዓለም ከተማ፣ ልጃቸው አበዛሽ ቤት ገቡ።

ዓምደ ሚካኤል ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ብቻውን አልቻለም፤ እኔን ይዞኝ ሄደ። እግራቸው ላይ ወደቀ። ደግፈው አነሱት፤ አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። ምነው በሰደቡት ብዬ ተመኘሁ።

ምሳ ቀረበ። "እማማ፣ ዛሬስ እርስዎ ሳይቀድሙኝ አልበላም" አላቸው።

"ብላ እንጂ ልጄ፣ አንተ እኮ እንግዳ ነህ።"

ቆርሶ የያዘውን እንጀራ መጉረስ አቅቶት አለቀሰ። እማማ በሩ ጥግ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ በልቶ እስኪጨርስ ይጠብቁ ነበር።