ካርዱ እስኪያልቅ

ለቤታችን ኢንተርኔት ሊገባ መሆኑን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። የምሠራው ኖርዌይ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ያን ጠዋት ለአንዲት አሮጊት ካልሲ እያጠለቅሁ ሳለ ስልኬ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ከባሕር ዳር የድምፅ መልእክት ልኮልኝ ነበር። እኛም ሰፈር ደረሰ፣ ሁለት ድርጅቶች አሉ፣ የሁለቱንም ዋጋ ፎቶ አንሥቼ ልኬልሻለሁ፣ አንቺ አጥኝና ወስኝ ይላል። በቤታችን ነገር አመዛዛኟ እኔ ነኝ። ጨው እንኳ ሁለት ሱቅ ሳልጠይቅ አልገዛም።

ከሥራ ስመለስ እራቴንም ሳልበላ ፎቶዎቹን ከፈትሁ። የመጀመሪያው ድርጅት ሽቦ ስቦ እስከ ቤት ውስጥ ያስገባል። ወርሃዊ ክፍያው ከበድ ይላል፤ ማስገቢያም ለብቻው ያስከፍላል፤ ግን «ያልተገደበ» ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ አብዝታችሁ ከተጠቀማችሁ ፍጥነቱን ልንቀንሰው እንችላለን የሚል አለበት። ያልተገደበውም ለካ የራሱ ገደብ አለው። ሁለተኛው ድርጅት ሲም ካርድ የሚገባባት ትንሽ ራውተር ይሰጣል። ሽቦ የለ፣ ግድግዳ መብሳት የለ፣ በዕለቱ ይሠራል፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው ግማሽ ቢሆን ነው። ነገር ግን ለወሩ የተሰፈረ ጊጋ አለው፤ ጊጋው ካለቀ ሌላ መግዛት ነው፣ ወይም ወሩ እስኪያልቅ ዝም ብሎ መቀመጥ። ድምፅ ብቻ ከሆነ ወሩን ያደርሳል። ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት ከተፈለገ ግን ሳምንትም አይቆይ።

ልቤ ወደ ያልተገደበው አደላ። እናቴን ፊት ለፊት ካየሁ ቆይቻለሁ። ከፋሲካ ወዲህ በደወልሁ ቁጥር ወይ ካሜራው ተበላሽቷል፣ ወይ ኔትወርክ የለም፣ ወይ ዳታ አልቋል። ድምፅዋን ግን አልፎ አልፎ እሰማለሁ፤ «ደህና ነኝ የኔ ዓለም» ትልና መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ለይበልጣል ደውዬ ያልተገደበውን እናስገባ አልሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ልጅ ፈጣኑን ካልገዛሽልኝ ብሎ የሚሟገተኝ ነው፤ የእግር ኳስ ጨዋታ ለማየት ሰው ቤት እየዞረ ዋይፋይ የሚለምን።

«ኧረ እታለም፣ ትንሹ ይበቃናል» አለኝ። «ዳታ የሚበላው ቪዲዮ ነው። ቪዲዮ ደግሞ ማን ያያል?»

እናታችንን አቅርብልኝ አልሁት።

«የለችም። ለሱባኤ ዘጌ ወርዳለች።»

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ልጅ እያለሁ በገዛ አፌ ተናግሬዋለሁ።

ያን ጊዜ በባሕር ዳር ግሽ አባይ፣ በዚያው በሰፈራችን፣ ስልክ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የሐጂ ሙሳ ቤት። ሐጂ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ከቆላ ድባ የሚመጣው ሽምብራና ጥቁር አዝሙድ በጆንያ ሆኖ ከሳሎናቸው ጥግ ይደረደር ስለነበር፣ ስልክ ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም አፍንጫዬን የሚያውደኝ ጥቁር አዝሙድ ነው። የኔ ዘመን ልጆች ያን ዓይነት ስልክ ታስታውሱታላችሁ፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ መደወያው ክብ፣ ልጆች እንዳይነካኩት ደግሞ መደወያው ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ቁልፍ የተንጠለጠለበት። መክፈቻው ከሐጂ ባለቤት፣ ከእትዬ ሶፊያ አንገት አይወርድም ነበር። እናም ስልኩ ለእኛ የሚሆነው ሲደወልልን ብቻ ነው። ሲጠሩን እንሰማለን እንጂ መጥራት አንችልም።

የሚጠራንም ሰው አንድ ነበር፤ እናቴ። አባታችን ካረፈ በኋላ እኔንና ገና ጡት ያልጣለውን ይበልጣልን ለእናቷ ለእማሆይ ትታ ለሥራ ዐረብ አገር ሄዳ ነበር። የዕረፍት ቀኗ ዓርብ ነው። ዓርብ ከሰዓት፣ ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ እኛ በራቸው ላይ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትን እንጠብቃለን። ከሐይቁ በኩል ነፋሱ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ይዞ ይመጣል። ጠጠሬን ወርውሬ በአንድ እግሬ እንደቆምሁ ስልኩ ይጮኻል፤ ከዚያ ማን አሸነፈ የሚባል ነገር የለም፣ ጨዋታው እዚያው ይቀራል።

ቀድመው የሚይዙት እማሆይ ናቸው። በላሽ ወይ፣ ጾሙን እንዴት ያዝሽው፣ ይሏታል፤ ስልኩን እንደ ዕቃ በሁለት እጃቸው አቅፈው ነው የሚያናግሯት። ቀጥሎ እኔ እይዛለሁ። ይበልጣል ዝም ብሎ ይተነፍስበታል፤ እናቴ ለዚያም ታለቅስለታለች። የምትደውለው በካርድ ነበር። ካርዱ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት በዐረብኛ ጣልቃ ትገባለች፤ እትዬ ሶፊያ ከቁርአን ቤት በቀረቻቸው ዐረብኛ፣ ሊያልቅ ነው፣ ያላችሁን ቶሎ በሉ ይሉናል። ሁላችንም አንድ ላይ እንንጫጫለን፤ ከዚያ ጥፍት። ያችን የዐረብ ሴት እንዴት እጠላት ነበር። በእኔና በእናቴ መካከል የቆመች ዘበኛ ትመስለኝ ነበር።

በአንድ ክረምት እማሆይ አረፉ። ብዙም አልታመሙ፤ ከቅዳሴ መልስ ብርድ መታኝ ብለው ተኙ፣ በዚያው አልተነሡም። የለቅሶው ድንኳን ሳይፈርስ ዓርብ ደረሰ። በሐጂ ሳሎን የንስሐ አባታችን፣ የእድሩ ሰዎችና ጎረቤቱ ተሰብስበው መከሩ። ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም አሉ። እዚያ ማን ደግፎ ያስለቅሳታል? ወድቃ ብትቀርስ ማን ያነሣታል? አሠሪዎቿስ የምታለቅስ ሠራተኛ ይፈልጋሉ? ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ትልቅ ሰው ካናገራት ትጠረጥራለች፣ ልጅቱ ታናግራት ተባለ። ልጅቱ እኔ ነኝ።

በሰንበት ትምህርት ቤት «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ከነቁጥሩ በቃሌ ይዤ፣ ለሸለሙኝ መስቀል ገና አዲስ ክር እንኳ አልገዛሁለትም ነበር። ወደ ንስሐ አባታችን አየሁ። እሳቸው ወደ መሬት አዩ። የመለሱልኝ እትዬ ሶፊያ ናቸው፤ ትከሻዬን ይዘው፣ ዓይናቸው በልቅሶ አብጦ።

«ይህ ውሸት አይደለም ልጄ። ማቆየት ነው።»

ስልኩ ጮኸ። ሽቦው አጭር ስለነበረ ከጠረጴዛው መራቅ አይቻልም። ከፊቴ ስልኩ፣ ከኋላዬ የእህሉ ጆንያ፣ ዙሪያዬን ጥቁር የለበሱ ሰዎች። እናቴ እንደ ልማዷ መጀመሪያ እማሆይን ስጪኝ አለች።

«የሉም። ለሱባኤ ዘጌ ወርደዋል» አልሁ፤ እንዳስጠኑኝ።

«በዚህ ክረምት? እግራቸውን እያመማቸው ጀልባ ላይ ወጡ?»

ይህኛውን አላስጠኑኝም። ቀና ብዬ ሰዎቹን አየሁ። ሰው ደግፏቸው ነው የሄዱ አልሁ። ደህና ናቸው ግን አለችኝ። ደህና ናቸው አልሁ። ሌላ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ያች ሴት በዐረብኛዋ ገባች፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ እንደ ደወል ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ዓርብ እንዲሁ ሆነ። ሱባኤው ረዘመ፤ ቀጥሎ የማኅበር ጉዞ መጣ፤ ቀጥሎ የእማሆይ ጆሮ ስልክ መስማት እምቢ አለ። ሰኞ ማክሰኞ መጫወት ተውሁ። ሌሎች ልጆች እናታቸው እንድትደውል ሲመኙ እኔ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ካርዱ ቶሎ ቢያልቅ ብዬ ጧፍ ተሳልሁ። ለማንም የማይነገር ስእለት ነው። ስልኩ ሲዘጋ እትዬ ሶፊያ እጄ ላይ ቴምር ያኖሩልኛል፤ እኔም ሳልበላው ይዤው እስከ ሐይቁ እሄድና ለዓሣዎቹ እጥለዋለሁ።

ሌላ ክረምት ሊገባ ሲል እናቴ መጣች። ከሻንጣዋ በመጀመሪያ ያወጣችው አመድማ የሱፍ ሹራብ ነው፤ የሐይቁ ብርድ ለማለዳ ቅዳሴ ሲሄዱ እማሆይን እንዳይመታቸው። ነገ ይመጣሉ አሏት። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ጎረቤቱ በሩን ሞልቶ መጣ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርሁ። ሹራቡን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው የሰማችው።

ለቅሶው ሲበርድ ወደ ሐይቁ ዳር ይዛኝ ወረደች። ታንኳ ሠሪዎች ደንገል እያሰሩ ነበር፤ እርጥብ የደንገል ሽታ አለ። እናቴ ወደ ዘጌ በኩል እያየች፣ አውቄ ነበር አለችኝ። ካርዱ ሊያልቅ ሲል ድምፅሽ ቀለል ይል ነበር፣ እናቷን የናፈቀች ልጅ ካርድ ሲያልቅ ድምፅዋ አይቀልም አለችኝ። ታዲያ ሹራቡን ለምን ገዛሽ አልኋት።

«ላለማመን» አለች። ከዚያም ፊቷን ሳትመልስ፣ «ብቻዋን እንዳታለቅስ ብላችሁ ደበቃችሁኝ። እኔም ብቻዬን አለቀስሁ።»

ያ ሁሉ ሲሆን ይበልጣል ጨቅላ ነበር። የዘጌን ነገር ሊያስታውሰው አይችልም። የተናገረውን ቃል ያስጠናው ሰው አለ ማለት ነው።

እነሆ እኔ አሁን በእናቴ ቦታ ተቀምጫለሁ። ከመስኮቴ ውሃ ይታያል፤ ግን ደንገል የሌለበት፣ የማይሸት፣ የማላውቀው ውሃ ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ለእድሳት ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ከዚህ አገር ብወጣ በሩ ከኋላዬ ይዘጋል፤ ለቤታችን የሚሆነው ሁሉ ደግሞ የሚገኘው በዚህ በር ነው። እዚህ ቤቴ ያለው ኢንተርኔት ገደብ የለውም። ቅዳሴ ከሌሊት እስከ ረፋድ ብሰማበት አያልቅም። ያኔ ጓጉንቸሩ መደወያው ላይ ነበር፣ መክፈቻውም ማን አንገት ላይ እንዳለ አውቅ ነበር። ዛሬ በፈለግሁ ሰዓት እደውላለሁ፣ ስልኩም ይነሣልኛል፤ ግን እናቴ ካለችበት ክፍል አልደርስም።

ለቀናት ሁለቱን ጥቅሎች ሳወዳድር ሰነበትሁ። ጊጋውን በወሩ ቀናት አካፈልሁ፤ ፍጥነቱን ሰው ጠየቅሁ፤ መብራት ሲጠፋ የትኛው ይቆያል ብዬ ተጨነቅሁ። ትናንት ጸሎቴን አድርሼ ስቀመጥ ነው የገባኝ። እናቴ ሹራብ ገዝታ ነበር፤ እኔ ዋጋ አወዳድራለሁ። ወንድሜም ትንሹን የመረጠው ለዋጋው አይደለም። ቶሎ የሚያልቅ ነገር ፈልጎ ነው፤ የሚያስጥለው፣ እንደ እኔዋ የዐረብ ሴት። አልተቀየምሁትም። እንዴት እንደሚያስጨንቅ አውቀዋለሁ።

ዛሬ ያልተገደበውን መርጬ ክፍያውን ልኬያለሁ። እንግዲህ የምለምነው እናንተን ነው፤ ያን ዓርብ በሐጂ ሳሎን ዙሪያዬን ቆማችሁ የነበራችሁትንና ዛሬም በሰፈሩ ያላችሁትን። ሠራተኞቹ ሽቦውን ሊስቡ ሲመጡ ይበልጣል ሳሎን ይግባ ይላቸዋል። እሽ አትበሉት። እናቴ ከምትተኛበት ክፍል፣ ከራስጌዋ ይግባ። ታማ ከሆነ እንደተኛች አሳዩኝ፤ እኔ በየቀኑ የታመመ ሰው የማነሣና የማጥብ ነኝ፣ አልደነግጥም። እውነት ዘጌ ከሆነች አልጋዋ እንደተነጠፈ ይቆያትና ስትመለስ አብረን እንሥቃለን። የሆነው ሌላ ከሆነም ያንኑ አልጋ አሳዩኝ፣ እናንተም ተሰብስባችሁ ካሜራው ፊት ቁሙ። ማን ያነሣታል አትበሉ። እናንተ እያያችሁኝ ብወድቅ ይሻለኛል።

እትዬ ሶፊያ፣ ቴምርዎን አልረሳሁም፤ ለእኔ አዝነው እንዳደረጉትም አውቃለሁ። አሁን ግን በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አያቆዩኝ።