የድልድል ካርዶች

የመምህራኑን የክፍለ ጊዜ ድልድል የምታወጣው ሴትዮ ካርዶቿን የምታስቀምጠው በጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ለየመምህሩ የየራሱን ቀለም ሰጥታለች። የሹራቧ ክርን ጠረጴዛው ላይ ሲታሽ ሳስቷል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ድልድሉ በተለጠፈ በደቂቃው አንዱ መምህር ይመጣና «እትዬ፣ ሁለት ክፍል በአንድ ሰዓት አስገባሽኝ እኮ! ምነው ትንሽ ብታስቢ?» ይላታል። እሷ አንገቷን ትደፋለች፤ ፊት ለፊቷ የምቀመጠው እኔ እበግናለሁ። ስህተት መልቀምማ ማንን ያቅተዋል?

ዘንድሮ ኮምፒውተር መጣላት። ባለሙያው ሦስት ቀን ታገለና ላቡን ጠረገ።

«እናቴ፣ የካርዶቹን አደራደር ሁሉ ማሽኑ አንድ በአንድ ይሞክር ካልን ሳይጨርስ ፀሐይ ራሷ ነድዳ ታልቃለች። በተሠራው ላይ ስህተት ማየት ቀላል ነው፤ ጭንቁ እንከን የሌለውን ፈልጎ ማግኘት ነው። አቋራጩን እስካሁን ያገኘ የለም።»

«ማሽኑም?»

«ማሽኑም።»

«እኔ እኮ ጭንቅላቴ የደነዘዘ መስሎኝ!» አለችና ወንበሯ ላይ ተደላድላ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

በማግስቱ በእጇ የሠራችውን ድልድል ለጠፈች። ከግርጌው በትልቁ ጽፋለች፦ «እሻላለሁ የሚል ይምጣ፤ ካርቶኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

እስካሁን የነካው የለም።